የግድግዳና የኮርኒስ ምርጫ፦ ሳሎን፣ ሻወር ቤትና ቢሮ በአንድ ጣሪያ ሥር

ጥያቄ፦ ጀማሪ ገንቢ

ሰላም ለሁላችሁ። የብሎኬት ቤት ነው፤ ጣሪያው በሞራሌ ላይ የተመታ ቆርቆሮ ሲሆን ኮርኒስ ገና የለውም። ሳሎኑ 4 በ5 ሜትር ነው። ሻወር ቤቱና ወጥ ቤቱ ጎን ለጎን ናቸው። በስተጀርባ ያለው 4 በ6 ሜትር ክፍል ለሁለት ተከፍሎ ቢሮ ይሆናል፤ አሁን ባዶውን ድምፅ በጣም ያስተጋባል። የሳሎኑ አንድ ግድግዳ ከወለሉ እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ድረስ ቀለሙ እየተላጠ ነጭ ዱቄት ያወጣል።

ኮርኒሱን በጂብሰም፣ በፒቪሲ ወይስ በችፑድ ላሠራ? የሚላጠውን ግድግዳ በፒቪሲ ብሸፍነው ይበቃል? ለሳሎኑ ኮርኒስ ምን ያህል ዕቃ ልግዛ?

መልስ፦ ቱንቢ

ኮርኒሱ ይቆይና መጀመሪያ ግድግዳው ይታይ። ነጩ ዱቄት ጨው ነው። ውሃ ከመሬት ተነሥቶ በብሎኬቱና በልስኑ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ወደ ላይ ይሳባል፤ ፊቱ ላይ ሲደርስ ውሃው ይተንና ጨው ይቀራል። ጨው ሲደርቅ ስለሚያብጥ ቀለሙን ገፍቶ ይጥለዋል። በፒቪሲ ወይም በሴራሚክ ከሸፈኑት ውሃው መትነኛ ስለሚያጣ ከሽፋኑ በላይ ይወጣል፤ ዛሬ 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለው ነገ ከሶፋው ራስ በላይ ይታያል። ከሽፋኑ ጀርባ ደግሞ ሻጋታ ይፈላል።

እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ፕላስቲክ በተላጠው ቦታ ላይ ያድርጉና አራቱንም ጠርዝ በማጣበቂያ ቴፕ ይዝጉ። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይጠብቁ። ጠብታው በግድግዳው በኩል ከሆነ ውሃው የሚመጣው ከግድግዳው ነው። በክፍሉ በኩል ከሆነ ግን የቤቱ አየር እርጥበት ቀዝቃዛ ግድግዳ አግኝቶ ወደ ጠብታ መለወጡ ነው፤ መፍትሔውም መስኮትና አየር ማስወጫ እንጂ ልስን ማፍረስ አይደለም።

ከዚያ ወደ ውጭ ወጥተው የአፈሩን ከፍታ ከውስጡ ወለል ጋር ያነጻጽሩ። ያዩትን ይጻፉልን።

መልስ፦ ኮርኒስ ሠሪ

ሦስቱን ዕቃዎች ባጭሩ እንያቸው። ችፑድ፣ ማለትም ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ሰሌዳ፣ የሚስማማው ፈጽሞ ለማይረጥብ ክፍል ብቻ ነው። ከቆርቆሮ ሥር ሆኖ አንድ ቀን ውሃ ከነካው ያብጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም። ለእርስዎ ጣሪያ አልመርጠውም።

ፒቪሲ ውሃ አይጎዳውም፤ በካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 ኪሎ ብቻ ስለሚመዝን ለደካማ ጣሪያም ይመቻል። ጠላቱ ሙቀት ነው። ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይለሰልሳል። 4 ሜትር ርዝመት ያለው ፒቪሲ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 8 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ስለዚህ ግድግዳውን አስነክቶ መግጠም አይገባም፤ በየዳሩ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተውና ክፍተቱን የዳር ማስጨረሻው ይሸፍነዋል። ያለ ክፍተት የተገጠመ ፒቪሲ ፀሐይ ሲጠነክር መሐሉ ላይ ወደ ታች የሚጎብጠው በዚህ ምክንያት ነው። በፀሐይ የጋለ ቆርቆሮ ላይም መጠጋት የለበትም።

ለሳሎን የምመክረው 12.5 ሚሊ ሜትር ጂብሰም ቦርድ ነው። ክብደቱ በካሬ ሜትር ወደ 9 ኪሎ ነው፤ ለ20 ካሬ ሜትር ከነብረቱ ከ200 ኪሎ በላይ ይሆናል። ሞራሌው ይህን መሸከሙን አናጢ ያረጋግጥ። ማንጠልጠያው በሞራሌው ጎን ይታሰር እንጂ ከታች ወደ ላይ በብሎን አይወጋ፤ ከታች የተወጋ ብሎን በክብደቱ ቀስ በቀስ ይነቀላል።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። ቦርዱ 1.20 በ2.40 ሜትር፣ ማለትም 2.88 ካሬ ሜትር ነው። 20 ካሬ ሜትሩ ላይ 10 በመቶ ለብክነት ሲጨመር 22 ይሆናል፤ ለ2.88 ሲካፈል 8 ቦርድ። ቦርዶቹን በ5 ሜትሩ አቅጣጫ ያስተኟቸው። ሦስት ሙሉ ረድፍ 3.60 ሜትር ይሸፍናል፤ የቀረውን 40 ሴንቲ ሜትር ከስምንተኛው ቦርድ ቀደው ይሞሉታል። ቦርዱ የሚታሰርበት ቀጭን ብረት በ4 ሜትሩ አቅጣጫ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ ይሄዳል፦ 12 ረድፍ፣ 48 ሜትር። እሱን የሚሸከመው ዋናው ብረት በ5 ሜትሩ አቅጣጫ በየ90 ሴንቲ ሜትሩ 5 ረድፍ፣ 25 ሜትር። ማንጠልጠያው በየ90 ሴንቲ ሜትሩ 30 ያህል፣ በግድግዳው ዙሪያ የሚታሰረው ማዕዘን ብረት 18 ሜትር፣ የ25 ሚሊ ሜትር ብሎን 350 ያህል፣ የመገጣጠሚያ የወረቀት ቴፕ ከነዳሩ 45 ሜትር።

የመጀመሪያውን ረድፍ በሙሉ ቦርድ ቢጀምሩ ሁለተኛውን በግማሽ ቦርድ ይጀምሩ። ያኔ የአጭር ጎን መገጣጠሚያዎች በአንድ መስመር አይውሉም፤ ሁሉም የብረቱን የ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ስለሚከተሉ ብረት ላይ ያርፋሉ። አየር ላይ የቀረ መገጣጠሚያ ምንም ቢለጠፍበት ይሰነጠቃል።

ብሎኑ በየ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይመታ፤ ከፋብሪካ ጠርዝ 1 ሴንቲ ሜትር፣ ከተቆረጠ ጠርዝ 1.5 ሴንቲ ሜትር ገባ ይበል። የብሎኑ ራስ የቦርዱን ወረቀት ሳይቀድ ትንሽ ይስመጥ። ቦርዱን ብሎኑ ላይ የሚይዘው ወረቀቱ ስለሆነ፣ ከተቀደደ ያ ብሎን እንደሌለ ይቆጠራል፤ 5 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ሌላ ይመታ።

መልስ፦ ፍሳሽ ጠጋኝ

ለሻወር ቤት አረንጓዴውን ጂብሰም ቦርድ ግዙ፤ እርጥበት የሚችለው እሱ ነው። ግድግዳውንም ኮርኒሱንም በእሱ ጨርሱት።

መልስ፦ ቱንቢ

ወንድሜ፣ በኮርኒሱ እስማማለሁ፤ በግድግዳው ግን አልስማማም። አረንጓዴው እንፋሎት ይቋቋማል እንጂ በየቀኑ የሚፈስበትን ውሃ አይችልም። ሴራሚኩ ራሱ ውሃ ባያሳልፍም በመገጣጠሚያው መስመር ይገባል፤ ጂብሰሙም ከጀርባ ይለሰልስና ሴራሚኩ ከነማጣበቂያው ይወርዳል። በዚህ ቤት ግድግዳው ብሎኬት ስለሆነ ቦርድ ጨርሶ አያስፈልግም። የሲሚንቶ ልስን፣ በላዩ ውሃ መከላከያ ሁለት ጊዜ አቅጣጫ እየቀያየሩ መቀባት፣ ከዚያ ሴራሚክ። መከላከያው ሻወሩ ባለበት በኩል ቢያንስ እስከ 2 ሜትር ይድረስ፤ ወለሉ ሙሉ በሙሉ ይቀባ። ግድግዳና ወለል የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ማጠናከሪያ ጨርቅ ይለጠፍ፤ የሴራሚኩም ማዕዘን በሲሚንቶ ሳይሆን በሲሊኮን ይሞላ፤ ሁለቱ ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ ሲሚንቶው በዚያ ቦታ መሰንጠቁ አይቀርም። ክፍልፋዩ፣ ማለትም ክፍሎቹን የሚለየው ግድግዳ፣ የግድ በቦርድ የሚሠራ ከሆነ በሻወሩ በኩል የሲሚንቶ ቦርድ ይግባ።

ስለ ክብደትም አንድ ነገር፦ ያልተለሰነ ጂብሰም ቦርድ ከነማጣበቂያው በካሬ ሜትር እስከ 32 ኪሎ ሴራሚክ ይሸከማል። በጂብሰም የተለሰነ ግድግዳ ግን 20 ኪሎ ብቻ ነው። ትልልቅና ወፍራም ሴራሚክ ሲመረጥ ይህ ይታሰብ።

መልስ፦ ፍሳሽ ጠጋኝ

ተቀብያለሁ፤ የሲሚንቶ ቦርዱ ልክ ነው። ወጥ ቤቱን በተመለከተ፣ ከምድጃው በላይ ፒቪሲ አይደረግ። ሲቃጠል የሚወጣው ጥቁር ጭስ ሃይድሮጅን ክሎራይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ አለበት። የስታይሮፎም ኮርኒስም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ በተለይ የዘይት ቀለም ከተቀባ እሳት በፍጥነት ይዛመትበታል፣ እየነደደም ይንጠባጠባል። ጂብሰም ግን ከክብደቱ 20 በመቶ ያህሉ በውስጡ የታሰረ ውሃ ነው። እሳት ሲያገኘው ያ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ከጀርባው ያለውን ሙቀት 100 ዲግሪ አካባቢ ያቆየዋል፤ ለሰዎች መውጫ ጊዜ የሚሰጠውም ይህ ነው። ለቢሮው መውጫ መተላለፊያ ከጂብሰም ሌላ አላስብም።

መልስ፦ ጸጥታ

የቢሮው ችግር ሁለት ነው፤ ሁለቱ ስለሚምታቱ ሰው በማይረዳው ዕቃ ላይ ገንዘቡን ይጨርሳል።

ማስተጋባት ማለት ድምፅ በዚያው ክፍል ውስጥ ከጠንካራ ፊት ላይ እየነጠረ መመለሱ ነው። ልስን፣ ሴራሚክ፣ መስታወትና ተራ ጂብሰም ድምፁን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይመልሱታል። ለቢሮው 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የማዕድን ፋይበር ኮርኒስ ይግጠሙ፤ ከሚደርስበት ድምፅ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ይመጥጣል፣ ለመብራትና ለሽቦ ጥገናም አንዱን ማንሣት ይቻላል። እርጥበት ሲበዛበት መሐሉ ይረግባል፤ ቆርቆሮው የሚያፈስ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይጠገን። ቀለምም አይቀባ፤ ድምፅ የሚመጥጡት ቀዳዳዎች ይደፈናሉ።

ወደ ጎረቤት ክፍል ማለፍ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ የሚያስፈልገው ክብደት፣ ክፍተት አለመኖርና የሁለቱ ፊት መለያየት ነው። የእንቁላል ካርቶንና ስፖንጅ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ድምፅ እንዳያልፍ አያደርግም፤ ስፖንጁ ደግሞ እሳት በቀላሉ ይይዘዋል። ክፍልፋዩን 75 ሚሊ ሜትር ብረት አቁመው፣ በመሐሉ 50 ሚሊ ሜትር የድንጋይ ሱፍ (ከቀለጠ ድንጋይ የተሠራ እንደ ጥጥ ያለ ምንጣፍ) ሞልተው፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት ድርብ 12.5 ሚሊ ሜትር ጂብሰም ይምቱበት። የሁለተኛው ድርብ መገጣጠሚያ ከመጀመሪያው ጋር አይግጠም። ለሁለተኛው ድርብ 35 ሚሊ ሜትር ብሎን ያስፈልጋል።

ዋናው ስሕተት ክፍልፋዩን ከኮርኒሱ በታች ማቆም ነው። ድምፁ በኮርኒሱ አልፎ ከላይ ዞሮ በወዲያኛው ይወርዳል፤ ቢሮዎቹ በር ተዘግቶም ይሰማማሉ። ክፍልፋዩ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ይውጣ፤ የቆርቆሮው ሸንተረር የሚተወው ክፍተትም በሱፍና በማሸጊያ ይደፈን። የሶኬት ሣጥኖች ጀርባ ለጀርባ አይቀመጡ፤ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ። የቦርዱ ታች ከወለሉ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ውሃ እንዳይስብ ይደረግና ክፍተቱ በሚለጠጥ ማሸጊያ ይሞላ።

ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የሚያሰማውን ጩኸት ለመቀነስም ከኮርኒሱ በላይ የሚነጠፍ ሱፍ ይረዳል። ሱፉ ተጨምቆ አይግባ፤ ሙቀት የሚከለክለው በውስጡ የያዘው አየር ነው።

ጥያቄ፦ ጀማሪ ገንቢ

እግዜር ይስጥልኝ። ፕላስቲኩን ለጥፌ ጠበቅሁ፤ ጠብታው በግድግዳው በኩል ነው። የውጪው አፈር ከውስጡ ወለል 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። የቆርቆሮው አሸንዳ ውሃም እዚያው ግድግዳ ሥር ነው የሚወርደው።

መልስ፦ ቱንቢ

እንግዲያው ምክንያቱ ተገኘ። አሸንዳውን በቱቦ ከግድግዳው አርቁት። አፈሩን ቆፍረው ከውስጡ ወለል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያድርጉትና ወደ ውጭ ዘንበል ያለ መፍሰሻ ይሥሩለት። ከዚያ የውስጡን ልስን እርጥበቱ ከታየበት 30 ሴንቲ ሜትር አልፈው፣ በዚህ ቤት እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው፣ ያራግፉ። ጨው የጠጣ ልስን ላይ ምንም ቢቀባ ይላጣል። ጨዉን በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ፤ በውሃ ካጠቡት ተመልሶ ይገባል።

ከዚያ ትዕግሥት ነው። እርጥብ ግድግዳ የሚደርቀው በግምት በየ25 ሚሊ ሜትሩ ውፍረት አንድ ወር እየቆጠረ ነው፤ 20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት እስከ 8 ወር ሊወስድ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሶፋ አያስጠጉበት። አፈሩና አሸንዳው ተስተካክለው እርጥበቱ ካልቀነሰ ብቻ ነው በግድግዳው ግርጌ ውሃ መከልከያ ወደሚወጋበት ሥራ የሚኬደው።

መልሰው ሲለስኑ አንድ ሲሚንቶ ለአምስት አሸዋ፣ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር። በዚህ ልክ አንድ የ50 ኪሎ ከረጢት 10 ካሬ ሜትር ያህል ይለስናል። አሸዋው አፈር እንዳይበዛበት በጠርሙስ ይፈትኑት፦ ግማሽ ድረስ አሸዋ፣ ከዚያ ውሃና ትንሽ ጨው፣ በደንብ ነቅንቀው ሦስት ሰዓት ያስቀምጡ። ከላይ የሚተኛው ደቃቅ አፈር ከአሸዋው ውፍረት 8 በመቶ ካለፈ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይቀየር፤ አፈር የበዛበት ልስን ሲደርቅ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጠቃል። ልስኑን 7 ቀን ውሃ ያጠጡት። ጂብሰም ከሲሚንቶ ጋር አይቀላቀል፤ በእርጥብ ቦታ ሁለቱ ሲገናኙ የሚያብጥ ነገር ይፈጥሩና ልስኑን ይነቅሉታል።

ጥያቄ፦ የጭቃ ቤት

ይቅርታ፣ በመሐል ገባሁ። የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ ላይም ይህንኑ ሲሚንቶ መለሰን ይቻላል?

መልስ፦ ቱንቢ

አይመከርም። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን ግትር ስለሆነ አብሮት አይሄድም። በስንጥቁ የገባው ውሃም መውጫ አጥቶ እንጨቱን ያበሰብሳል። በጭድ የተቦካ ጭቃ ልስን፣ በላዩ የኖራ ልስን ወይም የኖራ ቀለም የተሻለ ነው። ኖራው በስስ በስሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደረብ።

ጥያቄ፦ ጀማሪ ገንቢ

የመጨረሻ ጥያቄ። ለሳሎኑ የጣሪያ ማራገቢያ አስቤ ነበር፤ ጂብሰሙ ይችለዋል? አዲሱንስ ልስን መቼ ቀለም ላስቀባ?

መልስ፦ ኮርኒስ ሠሪ

ማራገቢያ ጂብሰሙ ላይም ሆነ የኮርኒሱ ብረት ላይ አይታሰር። ንዝረቱ ብሎኖቹን ያላላል። ኮርኒሱ ከመመታቱ በፊት ቦታውን ለክተው በሁለት ሞራሌዎች መሐል ወፍራም እንጨት ያሳስሩ፤ የማራገቢያው ዘንግ ከዚያ ተነሥቶ በቦርዱ ቀዳዳ ሳይነካ ይለፍ። የመብራት ሽቦውም በዚያው ጊዜ ይዘርጋ።

ቀለሙን ለአዲስ ሲሚንቶ ልስን ቢያንስ 28 ቀን ያቆዩት። የዘይት ቀለም ከትኩስ ሲሚንቶ ጋር ሲገናኝ ወደ ሳሙናነት ተለውጦ ይሙለጨለጫል፣ ይላጣልም። ያ የረጠበው ግድግዳ ግን ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ድረስ ኖራ ብቻ ይቀባ፤ ኖራ እንፋሎቱን ያሳልፈዋል። ደርቆ እንደሆነ ለማየት ያንኑ ፕላስቲክ እንደገና ይለጥፉበት።