ከቴምር ዛፍ ስር የወጡ ልጆችን እንዴት ለይቼ ልትከል?

ጥያቄ፦ የከዚራዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ አንዲት የቴምር ዛፍ አለች። የተከላት አባቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረው። ፍሬዋ መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ሲቆይ የማር መልክ ይይዛል። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃታል።

አሁን ግንዷ ዙሪያ ልጆች አውጥታለች። ሁለቱ ወገቤ ድረስ ደርሰዋል። አንዱ ደግሞ ከመሬት ከፍ ብሎ ግንዷ ላይ ተለጥፎ ነው የወጣው። እኔ ሳቢያን አዲስ ቤት ገብቻለሁ፤ ግቢው ባዶ ነው፣ ጥላ የሚባል የለውም። አንዱን ልጅ ወስጄ መትከል እፈልጋለሁ። እናቴ ግን «ዛፏን ትጎጂብኛለሽ» እያለች ሰግታለች። መቼ ነው የሚለየው? በምን ይቆረጣል? ከፍሬዋ ዘር ያበቀልኳቸው ትንንሽ ችግኞችም አሉኝ፤ እነሱ ይሻሉ ይሆን?

መልስ፦ ጓሮ ወዳድ

ምን አስጨነቀሽ፣ ችግኞቹን ትከያቸው። ቴምር ሙቀትና ውሃ ካገኘ ይበቅላል። እናትሽንም ከማስከፋት ትድኛለሽ።

መልስ፦ የአሳይታው

እህቴ፣ መብቀሉንስ ይበቅላል። ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው። ቴምር ወንድና ሴት አለው። ከዘር ከበቀለው ግማሽ ያህሉ ወንድ ይሆናል፣ ወንድ ደግሞ አያፈራም። ይህን የምታውቂው አበባ ሲያወጣ ነው፤ ይኸውም ብዙ ዓመት ውሃ ካጠጣሽ በኋላ። ሴት ብትሆንልሽ እንኳ ፍሬዋ እንደ እናቷ ላይሆን ይችላል። ከስር የወጣው ልጅ ግን ራሷ እሷ ናት። የአባትሽን ቴምር ከፈለግሽ ልጁን ውሰጂ።

እኛ አሳይታ ቴምር ለይተን ስንተክል ነው ያደግነው። አንድ ነገር ብቻ ያዢልኝ፦ ልጁ የራሱ ሥር ሳይኖረው እንዳትነኪው። ሰው ቁመቱን አይቶ ይቸኩላል። ቁመቱ ምንም አይነግርሽም፤ እናቱ እየመገበችው ሊረዝም ይችላል። ሥር የሌለው ልጅ ከተቆረጠ በኋላም ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ያታልልሻል። ከዚያ ልቡ፣ ማለትም አዲስ ቅጠል የሚወጣበት መሃሉ፣ ይደርቃል፣ በቃ።

ስለዚህ መጀመሪያ አፈሩን በእጅሽ ገለጥ አድርገሽ እዪ። ከልጁ ታች የራሱ ወፋፍራም ሥሮች ወደ መሬት ወርደው ከሆነ ደርሷል። ብዙውን ጊዜ ለዚህ የሚበቃው ከ3 እስከ 5 ዓመት ሲሞላው ነው፤ ክብደቱም ከ10 እስከ 25 ኪሎ ይደርሳል። ሥር ካላየሽ ዙሪያውን አፈርና የተብላላ ፍግ ከምሪበት፣ እርጥበቱ አይለየው፣ ለሚቀጥለው ዓመት ተይው። ግንዱ ላይ የተለጠፈው ደግሞ ታቹ በእርጥብ አፈርና ሰጋቱራ ተሸፍኖ በጆንያ ይታሰራል። ውሃ ሳይቋረጥበት ቢያንስ አንድ ዓመት ይቆያል። ሥር ካወጣ አወጣ፤ ካላወጣ እሱን እርሺው።

ጊዜው ለድሬ ከክረምቱ በኋላ፣ መስከረም ቢሆን ጥሩ ነው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት አታስቢው። ማለዳ ጀምሪ። ቅድሚያ እሾሁን በመቀስ አንሺ፣ ዓይን ያጠፋል። የውጪዎቹን አሮጌ ቅጠሎች ቁረጪ፣ መሃል ያሉትን አሥር ያህል ተይና ጫፋቸውን አሳጥረሽ አንድ ላይ እሰሪያቸው። ዙሪያውን ቆፍሪ፤ አፈሩ ከሥሩ ጋር ተያይዞ ይቅር። ልጁ ከእናቱ ጋር የተገናኘባት አንገት ስትታይ በተሳለ መሮ ወይም በስለታም ዲጂኖ እሷን ብቻ ቁረጪ። ለእናትሽ ንገሪያት፤ በዚህ መልክ ከተቆረጠ ዛፏ አትጎዳም። እንዲያውም ልጅ የበዛባት ቴምር ጉልበቷ ይከፋፈላል።

ጉድጓዱ በሁሉም አቅጣጫ 1 ሜትር ይሁን፤ ከሳምንታት በፊት አፈርና ፍግ ቀላቅለሽ ሙይና ውሃ አጠጪው፣ ይርጋ። ከግንብና ከመብራት ሽቦ 4 ሜትር ያህል አርቂ። ስትተክይ ወፍራሙ ሆዱ ከመሬት እኩል ይሁን፣ ልቡ ግን ከአፈሩም ከውሃውም በላይ። ልቡ ውስጥ ውሃ ከገባ ይበሰብሳል። ከዚያ አናቱን ክፍት ትተሽ በጆንያ ጠቅልይው። አሸዋማ መሬት ከሆነ የመጀመሪያዎቹን 40 ቀናት በየቀኑ ይጠጣ።

መያዙን ለማወቅ አትነቅንቂው። መሃለኛውን ቅጠልና ጎረቤቱን በአንድ መስመር በቀለም ምልክት አድርጊባቸው። የመሃለኛው መስመር ከጎረቤቱ ከፍ ካለ ልቡ እየሠራ ነው። ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ታገሺ።

መልስ፦ ከሳዑዲ

እኔ አል አህሳ የቴምር እርሻ ላይ ነው የምሠራው። ጋሼ ባሉት ላይ አንድ ልጨምር። እዚህ «ሱሳ» የሚሉት ቀይ ነቀዝ አለ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ጀምሮ የባሕረ ሰላጤውን ቴምር ሲፈጅ የኖረ ነው። እንቁላሉን ቁስል ላይ ይጥላል፣ ትሉ ግንዱን ከውስጥ ይበላዋል። ከቦታ ቦታ የሚዛመተውም ብዙውን ጊዜ ልጅ በማጓጓዝ ነው። የእናትሽን ልጅ መውሰድሽ በጣም ጥሩ ነው፤ ምንጩ ካልታወቀ ሰው አትግዢ። ከግንድ ቡናማ ፈሳሽ ሲወርድ ወይም የታኘከ የሚመስል ቃጫ ሲወጣ ካየሽ ለግብርና ባለሙያ አሳዪ። የተቆረጠውን ቦታ የዚያኑ ቀን መዳብ ያለበት የፈንገስ መድኃኒት ቀቢና በአፈር ሸፍኚው።

የከዚራዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ከእናቴ ጋር ቆፍረን አየን። በግድግዳው በኩል ያለው እርሳስ የሚያክሉ ሥሮች አሉት፣ ጫፋቸው ነጣ ያለ ነው። ሌላኛው ቁመቱ ይበልጣል፣ ግን ታቹ ባዶ ነው! እናቴም ልጁ ከዛፏ ጋር የተገናኘባትን አንገት ስታይ ቀለል አላት። ጋሼ፣ መስከረም ላይ ሥር ያለውን ብቻ ላውጣ?

የአሳይታው

አዎ፣ እሱን ብቻ። የቆፈራችሁትን አሁኑኑ መልሱት፣ ሥሩ ፀሐይ አይንካው። ረጅሙን አፈርና ፍግ ከምሪበትና ለከርሞ ተይው። ከመቁረጥሽ ሁለት ቀን በፊት እናቲቱን በደንብ አጠጪ፤ አፈሩ ከሥሩ ጋር ይያያዛል። ደግሞ ብቻሽን አይሆንም። አንድ ሰው ዲጂኖውን ይያዝ፣ ሌላው ልጁን ከታች ይደግፍ። በቅጠሉ አትጎትቱት።