የመቅደላው ቁስለኛ አሽከር በመድረክ ላይ እንዴት ይሙት?

ጠያቂ (የድራማ ክበብ፣ ተንታ)
ሰላም ወገን። መቅደላ ላይ የሚያልቅ አጭር ድራማ እያዘጋጀን ነው። ዋናው ሰው ልብ ወለድ ነው፤ ከቋራ ዘመን ጀምሮ ከአፄ ቴዎድሮስ ያልተለየ ሽማግሌ ወታደር። መቅደላ አጠገብ «አሮጌ» በሚባለው ሜዳ ከእንግሊዞች ጋር ሲዋጋ ቆስሎ ማክሰኞ ይሞታል። ንጉሡ አልፈዋል፤ እሱ ግን አሁንም አሽከራቸው ነው። ቁስሉ፣ መሣሪያውና ፉከራው እንዴት ይሁን?

ዘአምባ ማርያም
ቀኑን አስቀድሙ። ውጊያው ሚያዝያ 3 ቀን 1860፣ በስቅለት ዕለት ነው፤ የንጉሡ የጦር አዛዥ ፊታውራሪ ገብርዬም የወደቀው ያን ዕለት ነው። ንጉሡ የሞቱት ሰኞ ሚያዝያ 6፣ በፋሲካ ማግስት፤ የተቀበሩት ማክሰኞ። ስለዚህ ሰውዬው ቆስሎ አራት ቀን መቆየት አለበት። ደረቱን ከተመታ አይቆይም፣ ቢቆይም ለፉከራ ትንፋሽ አያገኝም። ጭኑን ይመታ። የእንግሊዞቹ ስናይደር ጠመንጃ እርሳሱ ወፍራምና ለስላሳ ስለሆነ አጥንት ይሰባብራል። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ትኩሳት ይነሳበታል፣ አንደበቱ ግን አይዘጋም። በአራተኛው ቀን ጨርቁ ላይ ያለው ደም ደርቆ ጠቁሯል፤ ደማቅ ቀይ ቀለም አታፍስሱበት።

የደሴው
ውጅግራና ምንሽር የሚባሉትን ጠመንጃዎች እንዳታስይዙት፣ ሁለቱም ከዚያ ወዲህ የመጡ ናቸው። በአፈሙዙ የሚጎርስ ነፍጥ ወይም ጦርና ጋሻ ይበቃል። ባለ ሦስት ቀለሙ ሰንደቅም ከመድረኩ ይውረድ።

ፉከራው የሚበላሸው ተዋናዩ ዘሎ ተነስቶ ሃያ መስመር ሲያወርድ ነው፤ ሰውዬው እየሞተ መሆኑ ይረሳል። ሁለት ሁለት መስመር ይበል፣ በመሀሉ ይተንፍስ። መጀመሪያ የዋለበት ሜዳ፣ ቀጥሎ የጣለው፣ መጨረሻ በጌታው የፈረስ ስም «የአባ ታጠቅ አሽከር!»። ትንፋሹ ሲያጥር ሜዳውና ግዳዩ ይቅሩ፤ የአባ ታጠቅ ስም አይቅር።

ደግሞም ንጉሡ ሰኞ ዕለት የቀሩትን አሽከሮቻቸውን ከመሐላቸው ፈትተው አሰናብተዋል። ራስ እንግዳ ግን አልሄዱም፤ እዚያው ወደቁ። የእናንተ ሰው የመሰናበቱን ወሬ ተኝቶ ይስማው፣ «ተፈትተሃል» ይባል። ፉከራውን የሚጀምረው ያኔ ይሁን። ታማኝነቱ የሚታየው እዚያ ነው፤ ከዚያ በፊት ቢፎክር የታዘዘውን የሚፈጽም ወታደር ብቻ ይመስላል።

ወሎዬ
ሁሉንም የመንደር ሰው አልቃሽ አታድርጉ። በ1857 ምኒልክ ከመቅደላ ሲያመልጡ የወሎዋ ገዥ ወይዘሮ ወርቂት ስላስጠጓቸው፣ ቴዎድሮስ ይዘውት የነበረውን የወርቂትን ልጅ ገድለዋል። የወሎ ተመልካች ይህን ያውቃል። አስታማሚዋ የአካባቢው ሴት ትሁንና ውሃ እያጠጣችው፣ ስለ ንጉሡ ግን ክፉም ደግም አትናገር። ያን ጊዜ የሽማግሌው ፍቅር የራሱ ብቻ ይሆናል፣ መድረኩም ስብከት አይመስልም።

ማሲንቆውን በአምባሰል ቅኝት አስይዙት፤ አሳዛኝ ታሪክ ይሸከማል። ፉከራው ሲጀመር ግን ዝም ይበል። አለዚያ ተዋናዩ ሳያውቀው ዜማውን ይከተልና ፉከራው ዘፈን ሆኖ ይቀራል።