ጥቆማ፦ ለአብዮትና ለዓመፅ አሳይመንት ሐዋሳ ውስጥ ዞሬ የሞከርኳቸው

"ለአንደኛ ዓመት የታሪክ አሳይመንት ደህና ማቴሪያል የት ይገኛል?" ብላችሁ ስትጠይቁ ነበር። ይኸው ዞሬ ጨረስኩ። ያዞረኝ የወንድሜ ልጅ ነው። ጥያቄው "የአብዮቶችንና የዓመፆችን መንስኤና ውጤት አወዳድር" ይላል፤ አሥር ገጽ፣ ለየብቻ የሚሠራ። ልጁ ደግሞ ስልክ እንጂ መጽሐፍ ይዞ አይቼው አላውቅም።

መጀመሪያ ሞጁል ገዛን። ዩኒቨርሲቲ በር አካባቢ ካሉት ፎቶኮፒ ቤቶች አንዱ ጋ ነው፣ ስም አልጠራም። 150 ብር። ተጠርዞ ስለሚሰጥ ዓይን ይሞላል። ቤት ገብተን ስናየው ከገጽ 14 ወደ 17 ይዘላል። እሱስ ይቅር፤ የፈረንሳዩም፣ የሩሲያውም፣ የኛውም አብዮት መንስኤ "ድህነት፣ ጭቆና፣ የንቃተ ህሊና ማደግ" ተብሎ በሰንጠረዥ ተቀምጧል። ሦስቱም ጋ ያው ቃል። ይሄ ምኑ ነው ማወዳደር? ድህነት ብቻውን አብዮት የሚያመጣ ቢሆን ዓለም በየዓመቱ ትገለበጥ ነበር። በዚያ ላይ የኛን አብዮት "1974" ይልና እዚያው መስመር ላይ የመሬት አዋጁን "1967" ይለዋል። አንዱ በፈረንጅ አንዱ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን የማያውቅ ልጅ መሬቱ የታወጀው ከአብዮቱ 7 ዓመት ቀድሞ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ማንኛውንም ሞጁል ከመግዛታችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ ዓመተ ምሕረቱን እዩ። ያንን ካበላሸ ሌላውን ማየት አያስፈልግም። (እኔ ከዚህ በታች የውጭውን በፈረንጅ፣ የአገር ውስጡን በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

ቀጥሎ አስጠኚ። በሰዓት 300 ብር፣ ቤት ድረስ ይመጣል። አስጠኚው ጨዋ ነው፣ ፈረንሳይንም አሳምሮ ነው የሚያስረዳው። ንጉሡ ሉዊ 16ኛ ለአሜሪካኖች የነፃነት ጦርነት ያወጣው ገንዘብ እዳ ላይ እዳ ጨመረበት። ካዝናው ባዶ ሲሆን ከ1614 ወዲህ ተጠርቶ የማያውቀውን የካህናት፣ የመኳንንትና የተራው ሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ በ1789 ጠራ። የ1788 ምርት ተበላሽቶ ዳቦ ተወድዶ ነበርና ሕዝቡ ያን ጊዜ የሞቀ ምጣድ ላይ ነበር። እንግዲህ ንጉሡ ግብር ሊጨምር የሰበሰባቸው ሰዎች ናቸው ሥልጣኑን የጠየቁት። የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት የነበረችውን ሄይቲንም አልዘለላትም፤ በ1791 ባሪያዎች አምፀው በ1804 ነፃ አገር መሆናቸውን፣ ፈረንሳይ ደግሞ በ1825 እውቅና ለመስጠት 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሳ መጠየቋን ነገረን። ነፃ የወጣው ባሪያ ለጌታው ከፋይ ሆነ! የወንድሜ ልጅ ከስልኩ ቀና ያለው እዚህ ጋ ነው። ጥሩ። ግን "የኛስ ለምን ፈነዳ?" ስለው "ረሃቡ" አለና ዝም። የወሎ ረሃብ ትልቅ ነገር ነው፣ ማን ይክዳል። ብቻውን ግን አይበቃም። ለዓለም ታሪክ ቅጠሩት፣ ለአገር ውስጡ ሌላ ፈልጉ።

ቴሌግራም ላይ ያሉት ፒዲኤፎች ነፃ ናቸው። ግማሹ ደብዛዛ ነው፣ ግማሹ የዚያው ሞጁል ፎቶ ነው። እለፉት።

አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡት ግን ያዋጣሉ። አንድ የድሮ የታሪክ መማሪያ 200 ብር ብሎኝ በ140 ተስማማን። ሽፋኑ የለም፣ የሆነ ልጅ ዳሩ ላይ የፍቅር ደብዳቤ ሞክሮበታል። ሩሲያን ግን በሁለት ከፍሎ ነው ያስቀመጠው። በ1905 ሠራተኛው ወጣ፣ ሥራ ቆመ፣ ዛሩ (የሩሲያው ንጉሥ) ፓርላማ ሰጠ፤ ሠራዊቱ በአብዛኛው ስላልከዳው ግን ዙፋኑ ተረፈ። በ1917 ፔትሮግራድ ላይ ዳቦ ብለው የወጡትን ሴቶችና ሠራተኞች እንዲበትን የታዘዘው ወታደር ራሱ ወደ እነሱ ዞረ። ዛሩ በቀናት ውስጥ ወረደ። አገሩ ያው፣ ንጉሡ ያው፣ ወታደሩ ግን ሌላ። ለማወዳደር ከዚህ የተሻለ ጥንድ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከሁሉም የበለጠው አንድ ብር ያላስከፈለን ነው። ሰፈራችን አንድ ጡረተኛ አስተማሪ አሉ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። በ1966 ማስተማር ከጀመሩ ሁለተኛ ዓመታቸው ነበር፣ አድማም መትተዋል። እሑድ ጠዋት ልጁን ይዤ ሄድኩና ሞጁሉን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ሁለት ገጽ ገለጥ ገለጥ አድርገው መለሱልኝ። "ይሄን ተወውና ልጠይቅህ" አሉት ልጁን። "እዚህ ጎረቤታችን ጌዴኦ በ1952 ገበሬው ተነስቶ ነበር። ተሸነፈ። ነገሌ ቦረና በ1966 ጥቂት ወታደር አመፀ። የንጉሡ መንግሥት በዓመቱ የለም። ለምን?"

ልጁ ዝም። እውነቱን ለመናገር እኔም ዝም።

ጋሼ ራሳቸው አስረዱን። የጌዴኦው ቡና አምራች ገበሬ ጭሰኛ ነበር። ለባለመሬቱ ከሚሰጠው ድርሻ በላይ ሌላ ጫና ተደራረበበትና ሚጪሌ የሚባል ቦታ ላይ ጦሩን ይዞ ወጣ። ጠመንጃው በሙሉ በሌላው ወገን ነው። ከተማው ደግሞ በዚያ ሰዓት ጸጥ ብሏል። በታኅሣሥ 1953 የክቡር ዘበኛው መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር ጠመንጃ ነበረ፣ የምድር ጦሩና አየር ኃይሉ ግን ከንጉሡ ጋር ቆሙ፣ በቀናት ውስጥ አለቀ። ባሌም ከ1955 ጀምሮ ወደ ሰባት ዓመት ቢዋጋ ብቻውን ነበር። የጎጃሙን ግን ጋሼ ለየት ያደርጉታል። በ1960 አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር እምቢ ያለው ገበሬ መንግሥት መጣል አልፈለገም፤ ገዥው ተነሱለት፣ ውዝፉ ተሰረዘለት፣ ወደ እርሻው ተመለሰ። "እሱ አሸንፏል፣ አብዮት ግን አይደለም" አሉ።

ነገሌስ? በጥር 1966 ወታደሮቹ የተቆጡት በምግብና በውሃ ነው። የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ በመኮንኖቹ ፓምፕ እንዳይጠቀሙ ተከለከሉ። ሊያረጋጋ የተላከውን የምድር ጦር አዛዥ ያዙና የእነሱን ምግብና ውሃ እንዲቀምስ አደረጉት። አልተቀጡም። ይህ ወሬ በየጦር ሰፈሩ ደረሰ። በየካቲት ቤንዚን በግማሽ ሲጨምር ታክሲው ቆመ፣ መምህራኑ የትምህርት ማሻሻያውን ተቃውመው ወጡ፣ ተማሪው ከጎናቸው ነበር። መንግሥት ቤንዚኑን ቀነስ አደረገ፣ ለወታደሩ ደመወዝ ጨመረ። ጋሼ እዚህ ጋ ሳቁ። "እኛ እኮ በጩኸት እንደሚገኝ ያን ቀን ነው ያወቅነው።" የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ካቢኔ ወረደ፣ ሰኔ ላይ ደርግ ተቋቋመ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ በቮልስዋገን ወጡ።

ውጤቱን ሲያወሩ ግን ሳቃቸው ጠፋ። የካቲት 25 ቀን 1967 መሬት ታወጀ፣ ጭሰኝነት ቀረ፤ የጌዴኦው ገበሬ በጦር ያጣውን በሬዲዮ ሰማው። ሐምሌ ላይ ደግሞ ትርፍ ቤት ተወረሰ። "አክስትህ የምትኖርበት የቀበሌ ቤት ከዚያ ነው የመጣው" አሉት። ከዚያ ስለ ቀይ ሽብር ጀመሩና የሁለት ተማሪዎቻቸውን ስም ጠርተው አቆሙ። ልጁም አልጠየቀም። ደህና ልጅ ነው፣ ገባው።

አሳይመንቱ ጌዴኦንና ነገሌን አወዳድሮ አሥር ገጽ ሞላ፣ ሩሲያን ከአሮጌው መጽሐፍ ጨመረበት።

ብር ካላችሁ አሮጌውን መጽሐፍ ግዙ፣ ከተረፈ ለአንድ ሰዓት አስጠኚውን ጥሩ፣ ሞጁሉን እርሱት። የጋሼን ስልክ ለጠየቃችሁኝ አልሰጥም፣ ሰውየው ይድከሙ እንዴ? በየሰፈራችሁ በ1966 አስተማሪ ወይ ወታደር ወይ የታክሲ ሹፌር የነበረ ሰው አይጠፋም፣ ፈልጉ። የጌዴኦውን ከአባቱ የሰማ ዲላ በኩል የሚያውቅ ካለ ደግሞ ጠቁሙኝ፣ ልጁን ይዤ እሄዳለሁ።