ለቤተሰብ መኪና የሚሆን ትንሽ ሳብዉፈር፦ የትኛው ይገዛ? ማን ይግጠመው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ልጆች አሉን። መኪናችን ባለ አምስት በር ስትሆን የኋላው ዕቃ መጫኛ በልጅ ጋሪና በቦርሳ እንደተሞላ ነው። ፋብሪካው የገጠመው ራዲዮ ድምፁ ደረቅ ነው፤ ባሱ ጭራሽ አይሰማም። ቦታ የማይወስድ ሳብዉፈር (ወፍራሙን የባስ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ድምፅ ማጉያ) ማስገጠም አስቤአለሁ። የትኛውን ልግዛ? ራሴ ልግጠመው ወይስ ለባለሙያ ልስጠው?

መልስ፦ አብሮ ጤና ይስጥልን። ምክሬን አስቀድሜ ልናገር። ከመቀመጫ ሥር የሚገባ፣ አምፕሊፋየሩ (ድምፁን የሚያጎላው ክፍል) አብሮት የተሠራ ጠፍጣፋ ሳብዉፈር ይግዙ። ለተጨማሪ ዋት ሊያወጡት ካሰቡት ገንዘብ ላይ ቀንሰው ለጥሩ ሽቦና ለጥንቁቅ ባለሙያ ያውሉት።

ይህን የምለው ሌላውን ሞክሬ ነው። መጀመሪያ የገዛሁት ባለ 12 ኢንች ሳብዉፈር የያዘ ትልቅ ሳጥን ነበር። ድምፁ ልብ ይሞላል፤ አልክድም። ነገር ግን ሳይታሰር ነበር የተቀመጠው፤ አንድ ቀን ድንገት ፍሬን ስይዝ ተንሸራቶ የኋላውን መቀመጫ ገጨውና ልጆቼ በድንጋጤ ጮኹ። ያን ዕለት ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ከሚጓዝ መኪና ጋር የሚሄድ ሳጥን የያዘው ጉልበት፣ ያው ሳጥን ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ ቢወድቅ የሚኖረውን ያህል ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ከሦስተኛ ፎቅ ሲወድቅ ያስቡት፤ ከፊቱ ያሉት ደግሞ ልጆች ናቸው። በማግሥቱ አወጣሁት። ሳጥን የግድ ያስፈልገኛል የሚል ሰው ካለ ከወለሉ ብረት ጋር በብሎን ወይም በጠንካራ ማሰሪያ ሳያሳስር ልጅ አይጫን።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ ልምጣ። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት ለቅጽበት ብቻ የሚደርስበት ጣሪያ ነው። ሊያነጻጽሩ የሚገባው ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ኃይል ነው፤ እሱ ብዙ ጊዜ በትንንሽ ፊደል ነው የሚጻፈው። ለምሳሌ ከመቀመጫ ሥር የሚገባው የኬንዉድ ኬኤስሲ-ኤስደብልዩ11 ካርቶኑ ላይ 150 ዋት ይላል፤ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ግን 75 ነው። ቢሆንም የበር ድምፅ ማጉያዎቹ የፋብሪካ ለሆኑበት መኪና እኔ የምመርጠው ይህንን መጠን ነው፤ ከዚህ በላይ ሲሆን ባሱ ዘፋኙን ይውጠዋል። መኪናው ሰባት ሰው የሚይዝ ወይም ድምፅ ማጉያዎቹ የተቀየሩ ከሆነ የአልፓይን ፒደብልዩኢ-ኤስ8 (ያለማቋረጥ 120 ዋት) ወይም የጄቢኤል ባስፕሮ ኤስኤል (ያለማቋረጥ 125 ዋት) የተሻሉ ናቸው። ሁለቱም ባለ 8 ኢንች ሲሆኑ ከመቀመጫ ሥር እንዲገቡ የተሠሩ ናቸው።

የጄቢኤል ባስፕሮ ሀብ ደግሞ ሌላ መፍትሔ ነው፤ በትርፍ ጎማው መሐል ባለው ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል። ባለ 11 ኢንችና 200 ዋት ስለሆነ ከጠፍጣፋዎቹ የጠለቀ ድምፅ አለው። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ ለእርስዎ ግን አልመክረውም። ጎማ በፈነዳ ቁጥር ጋሪውን፣ ቦርሳውን፣ ቀጥሎም ሳብዉፈሩን ማውጣት ሊኖርብዎ ነው፤ ያውም በመንገድ ዳር፣ ልጆች ይዞ። በትርፍ ጎማ ፈንታ የጎማ መጠገኛ ብቻ ያለው መኪና ላይ ደግሞ ከነጭራሹ የሚቀመጥበት የለውም። የሮክፎርድ ፎስጌት ፒ300-10 ባለ 10 ኢንች ዝግ ሳጥንና 300 ዋት ነው፤ ዕቃ መጫኛው ባዶ ለሆነ ሰው እጅግ ጥሩ ምርጫ ነው።

ጠፍጣፋው የማይችለውንም ልንገርዎ። የ40 ኸርትዝ ድምፅ (በሰከንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ) አንድ ሞገዱ 8 ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት አለው፤ እሱን በኃይል ለማውጣት ብዙ አየር መግፋት ያስፈልጋል፤ ስስ ሳጥን ውስጥ ያለች ትንሽ ሸራ (እየተርገበገበች ድምፁን የምታወጣው ክፍል) ደግሞ ያን ያህል አቅም የላትም። መስተዋት የሚያንቀጠቅጥ ባስ አይጠብቁ። የሚያገኙት የጎደለው ሲሞላ ነው፤ የባስ ጊታሩ መስመር ይለያል፣ ከበሮው ሥጋ ያገኛል። ከመቀመጫዎ ሥር ስለሆነ ደግሞ በጀርባዎም ይሰማዎታልና ድምፁን ብዙ መክፈት አያሻም።

ስለ ገጠማው ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የእኔን የመጀመሪያውን የገጠመው ሰው ሥራው ሲያዩት ያማረ ነበር። ከወራት በኋላ ኮፈኑን ከፍቼ ሳይ ግን ከባትሪው የሚነሳው ሽቦ ፊውዝ አልነበረውም፤ ወደ ውስጥ የሚያልፍበት የብረት ቀዳዳም ጎማ ስላልተደረገለት የሽቦው ልባስ ተፍቆ መዳቡ ሊታይ ምንም አልቀረውም። ያ ሽቦ ብረቱን ቢነካ ኖሮ የሚያቆመው አልነበረም፤ ባትሪው ያለውን ሁሉ ይለቅበታል፤ ሽቦው ግሎ ይነድዳል። ስለዚህ ዋናው ፊውዝ ከባትሪው በ45 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ይሁን፤ ቀዳዳውም ጎማ ይኑረው። ሽቦው ንጹሕ መዳብ መሆኑንም ይጠይቁ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ርካሽ ነው፤ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ግን ስለሚያንስ ከመዳቡ የወፈረ መግዛት ግድ ይሆናል።

የማሳው ሽቦ (ሳብዉፈሩን ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘው) አጭር ይሁን፤ ቀለሙ ተፍቆ ባዶ ብረት ላይ ይታሰር። የደኅንነት ቀበቶውን በያዘው ብሎን ላይ የሚያስር ባለሙያ ካጋጠመዎ ሥራውን ያስቁሙት፤ ያ ብሎን ሕይወት ለመያዝ የተቀመጠ ነው። የኃይል ሽቦውና የድምፅ ሽቦው በአንድ ጎን አብረው ከሄዱ ሞተሩ ሲጨምር አብሮ የሚጨምር የፉጨት ድምፅ ሊመጣ ይችላል፤ አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ ይሂድ።

ራስዎ መግጠም ይችላሉ ወይ ላሉት፦ ከባትሪ ሽቦ ጋር የተለማመደ ሰው በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ነገር ግን ከፊት መቀመጫ ሥር ብዙ ጊዜ ቢጫ ሶኬት ያላቸው ሽቦዎች አሉ፤ የአየር ከረጢት ናቸው፤ አይነቀሉም፣ አይቆረጡም። መኪናዎ ሃይብሪድ (በነዳጅም በኤሌክትሪክም የምትሄድ) ከሆነች ከፍተኛ ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ብርቱካናማ ሽቦ አጠገብ እጅዎን አያስገቡ። እነዚህን ሁለት ቀለሞች ለይቶ ለማያውቅ ሰው ባለሙያ ይሻለዋል። የባለሙያውን ችሎታ ለመለየት እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ፊውዙን የት ነው የምታስቀምጠው?» ሳያመነታ «ባትሪው ጋ» ካለ እቀጥላለሁ። «ሳብዉፈሩ ራሱ ፊውዝ አለው፣ ይበቃል» ካለ አመስግኜ እሄዳለሁ፤ ያ ፊውዝ ሳብዉፈሩን እንጂ ከባትሪው ጀምሮ የሚመጣውን ሽቦ አይጠብቅም።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ በጣም ነው የተማርኩት። የፋብሪካውን ራዲዮ መቀየር ይኖርብኛል? የልጆቹስ ጆሮ?

መልስ፦ መቀየር አያስፈልግዎትም። ከላይ ከጠራኋቸው ከመቀመጫ ሥር የሚገቡት ከድምፅ ማጉያው ሽቦ በቀጥታ ምልክት መቀበል ይችላሉ። አንዳንድ የፋብሪካ ራዲዮዎች ድምፅ ሲጨመር ባሱን ሆን ብለው ይቀንሳሉ፤ ያ ካጋጠመዎ ጥፋቱ የሳብዉፈሩ አይደለም።

ሲያስተካክሉ ማጣሪያውን (ቀጭኑ ድምፅ ወደ ሳብዉፈሩ እንዳይገባ የሚያግደውን) 80 ኸርትዝ አካባቢ ያድርጉት። ፌዝ የሚለውን ማብሪያ (የሳብዉፈሩን እርግብግቢት ከበር ድምፅ ማጉያዎቹ ጋር የሚያስማማውን) በሁለቱም በኩል ይሞክሩና ባሱ የሚሞላበትን ይምረጡ። ጌይን የሚባለው ቁልፍ ሳብዉፈሩን ከራዲዮው ምልክት ጋር የሚያመጣጥን እንጂ ድምፅ መክፈቻ አይደለም፤ ከዝቅተኛው ጀምረው የጎደለው ባስ እስኪሞላ ድረስ ብቻ ያሳድጉት። ከየት እንደሚመጣ ከታወቀ በዝቷል።

ስለ ጆሮ መጠየቅዎ ደስ አሰኝቶኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ለሚያዳምጥ አዋቂ ቢበዛ 80 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ)፣ ለልጆች ደግሞ 75 ዴሲቤል ብሎ ይመክራል። ሳብዉፈሩን ከፊት መቀመጫ ሥር ሲያስገቡ ከኋላ ለተቀመጠው ልጅ እግር ቅርብ ስለሚሆን፣ ካስተካከሉ በኋላ ራስዎ ከኋላ ተቀምጠው ያዳምጡት። እኔ ይህን ሳደርግ ነው ከፊት ልክ የመሰለኝ ከኋላ እንደሚከብድ ያወቅሁት።

ለባለሙያው ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት ደግሞ መቀመጫውን እስከ መጨረሻው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሱት፤ ሽቦ ከተወጠረ ወይም ሐዲዱ ሳጥኑን ከነካ እዚያው ይስተካከል። ከፊት መቀመጫ ሥር ወደ ኋላ የሚነፍሰው የማሞቂያ አየር መውጫም እንዳልተዘጋ በእጅዎ ይፈትሹ።