የጫካ እንጉዳይ በእጅ ጋይገር ቆጣሪ ይለካል?

ጠያቂዋ (ሙኒክ)፦ ቅዳሜ ከባቫሪያ ጫካ ሁለት ኪሎ እንጉዳይ ለቅሜ ስመለስ፣ ጎረቤቴ አሮጊቷ «ቼርኖቤልን ረሳሽው?» ብለው አስደነገጡኝ። የ1986ቱ (እ.ኤ.አ.) የኑክሌር ጣቢያ አደጋ፣ እስካሁን? ጋይገር ቆጣሪዬን (ጨረር መለኪያዬን) ባስጠጋው ከባዶው ጠረጴዛ የተለየ ነገር አላሳየም። ልጥበሰው?

የላብራቶሪው ሰው፦ ቆይ እህቴ! ከቼርኖቤል የተበተነው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር፣ ሲዚየም-137፣ በ30 ዓመት ገደማ ነው የሚጋመሰው፤ አፈሩ ውስጥ ገና አለ። ለገበያ የሚፈቀደው በኪሎ እስከ 600 ቤክሬል (የጨረር አመንጪነት መለኪያ) ነው፤ ያን ያህሉን የእጅ ቆጣሪ ከአካባቢው ጨረር አይለየውም። እኛ አጽድተን፣ ከትፈን፣ መዝነን በእርሳስ ብረት በተከለለ የጋማ ጨረር መለኪያ ውስጥ እናቆየዋለን። የጨረሩን ጉልበት በሚያሳየው ግራፍ፣ 662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጉልበት መለኪያ) ላይ ጫፍ ከወጣ ሲዚየም ነው። ደግሞ እርጥቡን አስለኪ፤ ከደረቀ የኪሎው ቁጥር ይንራል። ምን ዓይነት ነው?

ጠያቂዋ፦ ባርኔጣው ቡናማ፣ የባርኔጣው የታችኛው ገጽ ሲነካ ሰማያዊ የሚሆን።

የላብራቶሪው ሰው፦ ወይ ጉድ፣ እሱማ ሲዚየም ወዳድ ነው! ሳይለካ ድስት እንዳታሳይው።