የአልቤርቶ ፖሌራ የግል ወረቀቶች

በጣሊያን ዘመን ኤርትራን ካስተዳደሩት ሹሞች አንዱ ስለሆነው አልቤርቶ ፖሌራ የመመረቂያ ጽሑፍ እየሠራሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ስለ ባርያ (ዛሬ ናራ የሚባሉት) እና ኩናማ ሕዝቦች ያሳተመው መጽሐፍ በእጄ አለ። ሰውየው ስለ ሌላው ሰው ጋብቻና ውርስ ሲጽፍ ቀለም አይቆጥብም፤ ከኤርትራውያን ሴቶች ስለወለዳቸው ልጆች ግን ዝም! ሮም ላለ አንድ መዝገብ ቤት ጽፌ ሁለት ወር ጠበቅሁ፤ የተላከልኝ 40 ገጽ ቅጂ በሙሉ የደመወዝና የዝውውር ወረቀት ሆነ። እ.ኤ.አ. የ1940ው የጣሊያን ሕግ ጣሊያናዊ አባት ክልስ ልጁን በሕግ እንዳይቀበል ስለከለከለ፣ የምፈልገው ከዚያ በፊት የተሰጠ የአባትነት ማረጋገጫ ነው። በዚያ ዘመን አስመራ ውስጥ እንዲህ ያለው ማረጋገጫ የሚመዘገበው በቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ፣ በማዘጋጃ ቤት ወይስ በፍርድ ቤት ነበር?