የትንፋሽ መሣሪያ ክፍላችን ፕሮፖዛል፦ አራት ፓርት፣ ሁለት ተኩል ሰው

ክላርኔት (ቱሉ ዲምቱ)፦
ሰላም ቤተሰብ። ለወጣት ማዕከሉ የምናስገባውን ፕሮፖዛል የትንፋሽ ክፍል እዚሁ እንጻፈው፣ እሁድ በቃል የተነጋገርነውን እስከ ሰኞ ማንም አያስታውሰውም። ነገርዬው እንዲህ ነው፣ የሙዚቃዊ ድራማችን ኖታ አራት የትንፋሽ ፓርት (ለየመሣሪያው የተጻፈ ድርሻ) አለው፣ ፍሉት፣ ክላርኔት፣ አልቶ ሳክስና ዋሽንት። ያለነው ደግሞ እኔ፣ ጋሼ፣ ከዚያ ፍሉቷ እህታችን ፈተና ካልገጠማት፣ ሁለት ተኩል ሰው በሉት። እኔ ክላርኔቱንና ሳክሱን ደርቤ ልያዝ ባይ ነኝ። ውጭ አገርም ሙዚቃዊ ቴአትር ላይ የተለመደ ነው፣ አንዱ ሰው ሦስት አራት መሣሪያ ፊቱ ደርድሮ ኖታው "ቀይር" ሲለው እያነሳ ይነፋል።

ፍሉት፦
ሃሃሃ ግማሿ እኔ መሆኔ ነው። እሺ ይሁን።

ኪቦርድ፦
እኔ ምለው፣ ለምንድነው የምንጨናነቀው? ኪቦርዴ ላይ ክላርኔትም ሳክስም ፍሉትም አለ፣ በጀቱም ይቀንሳል።

ጋሼ (ዋሽንት)፦
ልጄ፣ መብራት ሲሄድስ? ያለፈው ዝግጅት ላይ መብራት ሄዶ አንተ እጅህን አጣጥፈህ ስትቀመጥ ዘፋኟን ማን ይዟት እንደወጣ ረሳኸው? ደሞ ትንፋሽ እዚህ አገር ትናንት የመጣ አይደለም። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ አርባዎቹን የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም አምጥተው ማርሽ ባንድ ሲያቋቁሙ አያትህም አልተወለዱ ይሆናል። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራውን በሳክስ ሲያወርደው ትንፋሹ ሲጠራቀምና ሲፈነዳ ይሰማሃል፣ እስቲ ያንን ቁልፍ ተጭነህ አምጣልኝ።

ኪቦርድ፦
ጋሼ ተሸንፌያለሁ። ግን እንግዲያው ጀነሬተር ኪራይ በጀቱ ላይ ይግባልኝ።

ጸሐፊ፦
ጀነሬተር ጻፍኩ። አንድ ጥያቄ፣ ሰፈራችን ሰርግ ላይ ሳክስ የሚነፋ ልጅ አለ አይደል፣ እሱን ጨምረን ክላርኔቱንም እሱ ቢይዘውስ? ሁለቱም ሪድ (አፋቸው ላይ የምትርገበገበው ስስ ሸምበቆ) አላቸው፣ ቁልፋቸውም ይመሳሰላል።

ክላርኔት (ቱሉ ዲምቱ)፦
ልጁ ይምጣ፣ ግን ሳክሱን ብቻ። ሲያዩት ይመሳሰላል እንጂ ክላርኔት ተንኮለኛ ነው። ሳክስ ላይ ታችኛውን ሬ ይዘሽ የኦክታቭ ቁልፉን ስትጫኚ ላይኛው ሬ ነው የሚመጣልሽ፣ ክላርኔት ላይ ግን በዛው ጣት ሬ የነበረው ላይ ሲወጣ ላ ይሆናል፣ ከሬው ሲቆጠር አስራ ሁለተኛው ድምፅ ላይ ነው ዘሎ የሚያርፈው። ስለዚህ ለላይና ለታች ሌላ ሌላ የጣት አያያዝ ማጥናት አለበት፣ ቀዳዳዎቹንም በጣት ጫፍ ራስህ ነህ የምትደፍናቸው፣ ትንሽ ከፈተ ማለት ጮኸ ማለት ነው። እኔ ራሴ ከሳክስ ወደ ክላርኔት ስመጣ ጎረቤት ድመት ታመመባችሁ ወይ ብሎ ጠይቋል።

እሱ ሳክሱን ከያዘልኝ እኔም እፎይ እላለሁ፣ ምክንያቱም ሁለተኛው ትዕይንት ላይ ከሳክስ ወደ ክላርኔት ለመቀየር የተሰጠኝ ሁለት ባር ነው (የኖታውን ክፍልፋይ እንጂ መጠጥ ቤቱን አላልኩም)። ፍጥነቱ በደቂቃ 120 ምት፣ ባሩ ባለ 4 ምት፣ አንዱ ባር 2 ሴኮንድ፣ በ4 ሴኮንድ ሳክስ አስቀምጬ ክላርኔት አንስቼ ከንፈሬን አስተካክዬ ልግባ? የደረቀውን ሪድስ መቼ ላርጥበው?

ፍሉት፦
እኔም አንድ ነገር ይጻፍልኝ። አዳራሹ ማታ ይበርዳል፣ ፍሉቴ አስር ደቂቃ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ሲገባ ቅኝቱ ዝቅ ይላል። ከመግባቴ በፊት ቀስ ብዬ ትንፋሽ የማሞቅበት ጊዜ ያስፈልገኛል፣ ዳይሬክተሩ "ምን ያሽኮረምምሻል" እንዳይለኝ።

ጋሼ (ዋሽንት)፦
መቃኘቱን ካነሳሽ አይቀር፣ ክላርኔት መጋጠሚያው ሳብ ይደረጋል፣ የአንቺም ጭንቅላቱ ይሳባል፣ የእኔ ዋሽንት ግን አንድ ሸምበቆ ነው አይሳብም። ስለዚህ ሁላችሁም በእኔ ትቃኛላችሁ፣ ኪቦርዱም ጭምር። ዘፋኟ ትዝታውን በየትኛው ድምፅ ነው የምትዘፍነው? እሱን ቀድማ ትወስን፣ ለየድምፁ ሌላ ዋሽንት ነው የማነሳው።

ኪቦርድ፦
ኢ ፍላት ብላለች።

ክላርኔት (ቱሉ ዲምቱ)፦
አረ በማርያም እንዳትቀይረው! መሣሪያዎቻችን ያንኑ ኖታ አይተው የሚያወጡት ድምፅ ይለያያል፣ ዘፈኑ ኢ ፍላት ከሆነ ለእኔ ኤፍ፣ ለአልቶ ሲ፣ ለፍሉት ያው ኢ ፍላት ተብሎ ነው የሚጻፈው። ባለፈው የኪቦርዱን ኖታ ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ለሁላችን ስታድሉ ሦስታችን በሦስት አገር ነበርን። ፕሮፖዛሉ ላይ "ለየመሣሪያው የተጻፈ ኖታ ከመጀመሪያው ልምምድ ሁለት ሳምንት ቀድሞ" የሚል ይግባ፣ እሱን እኔ እጽፋለሁ።

ጸሐፊ፦
ገባ። ቀኑስ? ነሐሴ መጨረሻ ነበር ያልነው።

ፍሉት፦
ነሐሴ ላይ የዛ አዳራሽ ቆርቆሮ ሲመታ የፍሉት ታችኛው ድምፅ ለራሴም አይሰማኝ። ለማይክ ብንል ዝናቡንም አብሮ ነው የሚያጎላው።

ጋሼ (ዋሽንት)፦
ልክ ነች። ከመስቀል በኋላ ይሁን፣ እሁድ ከሰዓት። ማታ ካደረግነው ሰው ታክሲ እያሰበ ነው የሚያየን።

ጸሐፊ፦
ረቂቁ ይኸው፣ አስተካክሉት፦ "የትንፋሽ መሣሪያ ክፍሉ አራት ተጫዋች ይኖረዋል፣ ፍሉት፣ ክላርኔት፣ አልቶ ሳክስ እና ዋሽንት። መድረኩ ከመስቀል በኋላ ባለው ሁለተኛ እሁድ ከቀኑ 9 ሰዓት ይሆናል። ቅኝቱ በዋሽንቱ ይወሰናል። ለክፍሉ 4 የኖታ ማቆሚያ ከነክሊፕ መብራቱ እና አንድ አንድ ፓኬት የክላርኔትና የአልቶ ሪድ ይገዛል። ለልምምድ የትራንስፖርት አበል ይከፈላል።"

ክላርኔት (ቱሉ ዲምቱ)፦
ሪዱ ላይ የጥንካሬ ቁጥሩ ይጻፍበት፣ 2 ወይም 2 ተኩል፣ ቁጥሩ ሲጨምር ሪዱ ይጠነክራል። ባለፈው ውጭ ያለ ዘመድ 3 ላከልኝ፣ እዚህ 2,300 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ነው ደረቅ ነው፣ ቁጥሩ ያው ሆኖ ጣውላ የምነፋ ነው የመሰለኝ። ደግሞ ፓኬቱ 10 ፍሬ ቢሆንም ለመድረክ የሚሆነው ሦስት አራቱ ነው፣ ማዕከሉ "ለአንድ ሰው 10 ምን ያደርግለታል" ብሎ እንዳይሰርዘው በአንድ መስመር አስረጂልኝ። ዋጋውን ፒያሳ ጠይቄ ረቡዕ እሞላዋለሁ።

ኪቦርድ፦
አበሉ ለሁሉም እኩል ነው ወይስ በርቀት? ከለገጣፎ የሚመጣና ከቂሊንጦ የሚመጣ አንድ አይሆንም።

ጸሐፊ፦
በርቀት እያልኩ ቀየርኩት። የሰርጉን ልጅ ማን ያናግረው?

ጋሼ (ዋሽንት)፦
እኔ። የዕድራችን ሰው ልጅ ነው፣ ቅዳሜ ቤታቸው እሄዳለሁ። ሰርግ ላይ ስለለመደ ጮክ አድርጎ ይነፋል፣ ከእኔ ቀጥሎ አታስቀምጡት።

ፍሉት፦
ጋሼ እሁድ ዋሽንቶቹን በሙሉ ይዘው ይምጡ፣ የኢ ፍላቱን ከእኔ ጋር እንሞክረው።

ጋሼ (ዋሽንት)፦
እሺ የኔ ልጅ። የኢ ፍላቱ ግን ባለፈው ሚኒባስ ውስጥ ሰው ተቀምጦበት ተሰንጥቋል፣ እስከ እሁድ አዲስ እቆርጣለሁ።